«ቤቢ ቡም»፦ ቦርሳ በአንድ እጅ፣ ሕፃን በሌላው

ከዚህ ፊልም አንድ ትዕይንት ብቻ መርጦ ማየት ለሚፈልግ ሰው የምንጠቁመው የሬስቶራንቱን ነው። ጄ.ሲ. ዋያት የተባለችው የኒው ዮርክ የንግድ አማካሪ ገና ከአየር ማረፊያ ሕፃን ተረክባ መምጣቷ ነው። ድርጅቷ ዓይኑን የጣለበት ትልቅ ደንበኛ ደግሞ ለምሳ ቀጥሯታል። ልጅ ታቅፋ ወደ ጠረጴዛው ብትቀርብ ነገሩ ያበቃለታል፤ ቀጠሮውን ብትሰርዝም ያው ነው። ስለዚህ የእንግዶችን ካፖርት ተቀብላ ለምትሰቅለዋ ሠራተኛ ልጅቱን አስረክባ ትገባለች። ተመልካቹ በካፖርቶቹ መካከል ማን እንዳለች ያውቃል፤ ደንበኛው አያውቅም። ሳቁ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ልዩነት ነው። ማንም አይወድቅም፣ ማንም አይጮህም፤ አንዲት ብልህ ሴት ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መገኘት ስላለባት ብቻ እንስቃለን፣ ልባችንም ይሰቀላል።

«ቤቢ ቡም» እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። ስክሪፕቱን የጻፉት ናንሲ ማየርስና ቻርልስ ሻየር ሲሆኑ፣ ሻየር ዳይሬክት አድርጎታል፣ ማየርስ ደግሞ ፕሮዲዩስ አድርጋዋለች። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ዳያን ኪተን ናት። አብሯት የሚኖረውን ወዳጇን ሃሮልድ ሬሚስ፣ አለቃዋን ሳም ዋናሜከር፣ ከሥሯ ሆኖ ቦታዋን ለመውሰድ የሚያደባውን ወጣት ባልደረባ ጄምስ ስፔደር፣ የገጠሩን ሐኪም ሳም ሼፐርድ ይጫወታሉ። ርዝመቱ ወደ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ለጎልደን ግሎብ በሁለት ዘርፍ ታጭቶ ነበር፤ በምርጥ ኮሜዲ ወይም ሙዚቃዊ ፊልም፣ እንዲሁም በኪተን ትወና።

ታሪኩ የሚነሳው ከዱብ ዕዳ ነው። ሌሊት ላይ ከእንግሊዝ አገር ስልክ ይደወላል። አንድ የሩቅ ዘመዷ ከነባለቤቱ ሞቷል፣ ለእሷም ውርስ ትቶላታል ይባላል። መስመሩ እየተቆራረጠ ስለሆነ ውርሱ ምን እንደሆነ አይገባትም፤ ንብረት ይመስላታል። ለመረከብ ስትሄድ የምትሰጣት ኤልሳቤጥ የምትባል ሕፃን ናት። ሕፃኗን ያመጣችው ሴት የምትሳፈርበት አውሮፕላን ስላለ ለማስረዳትም ለመከራከርም ጊዜ የለም። አደራረጉ ጥሩ የኮሜዲ ሥራ ነው። ጸሐፊዎቹ «እምቢ» የምትልበትን በር ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጉና ተመልካቹ «ለምን ዝም ብላ አትመልሳትም?» ብሎ ሳይጠይቅ ያሳልፉታል።

ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲሻገር የሚጠፋ አንድ ቀልድ ስላለ እዚህ ላይ ብናብራራው ይሻላል። በመክፈቻው ላይ የዜና ዘገባ በሚመስል ድምፅ ጄ.ሲ. ስትተዋወቅ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ትሠራለች ይባላል። በአሜሪካ የመደበኛ ቢሮ ሰዓት መጠሪያው «ከዘጠኝ እስከ አምስት» ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ማለት ነው። ቁጥሩ ሲገለበጥ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ይህ በቀን 16 ሰዓት ነው። ሰብታይትሉን ወደ አማርኛ ሰዓት ቀይሮ የሚተረጉም ሰው ቀልዱን ያጠፋዋል፤ ቁጥሮቹን እንዳሉ ትቶ የሚያልፍ ደግሞ ተመልካቹን ያሳስተዋል፤ በእኛ ሰዓት ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሲባል የእኩለ ቀን አራት ሰዓት ብቻ ነውና። ርዕሱም ሁለት ትርጉም አለው። «ቤቢ ቡም» ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለምዶ ከ1946 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የታየው የወሊድ ብዛት መጠሪያ ነው። ጄ.ሲ. የዚያ ትውልድ ልጅ ናት፤ ኪተንም ራሷ የተወለደችው በ1946 ነው። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ያ ትውልድ በሥራው ዓለም ከፍ ብሎ፣ በዘገየ ዕድሜ ልጅ መውለድ ጀምሮ ነበር።

ወደ እጆቿ እንመለስ፤ የኪተን ትወና ያለው እዚያ ነውና። ሕፃን ያልያዘ ሰው ሲይዝ የሚሳሳተውን ሁሉ በትክክል ታሳየናለች። ልጅቱን በዳሌዋ ላይ አታስቀምጥም፣ ደረቷ ላይም አታስደግፍም፤ ብብቷ ሥር ሸጉጣ እንደ ፋይል ትሸከማታለች። ልምድ ያለው ሰው ሕፃኑን ዳሌው ላይ ሲያደርግ ክብደቱ በአጥንት ላይ ስለሚያርፍ አንድ እጅ ነፃ ይወጣል። ብብት ሥር የተያዘ ልጅ ግን ክንድን ሙሉ በሙሉ ያስራል፤ ቦርሳ፣ ቁልፍና የአሳንሰር ቁልፍ መጫን ሁሉ ለሌላው እጅ ይቀራል። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ኪተን አያያዟን ቀስ እያለች ትለውጣለች። ማንም በንግግር አይነግረንም፣ እሷም «እናት ሆንኩ» አትልም፤ ክንዷ ብቻ ይናገራል። ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ድምፁን ዘግቶ አያያዟን ብቻ ቢከታተል የገጸ ባሕርይዋን ለውጥ ሙሉ በሙሉ ያነብበዋል።

የዳይፐሩ ትዕይንትም እንዲሁ ከእውነት የተቀዳ ነው። ዳይፐር የሚሸጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፤ የልጁን ኪሎ የማያውቅ ገዢ መደርደሪያው ፊት ደርቆ ይቀራል። ያ የዋና ሥራ አስኪያጆችን ሒሳብ በቃሏ የምትመልስ ሴት ችግር በትክክል ይህ ነው፤ አንድ ቁጥር ጠፋባት። ሁለተኛው ችግር ማሰሪያው ነው። በ1980ዎቹ የነበሩት ዳይፐሮች የሚታሰሩት በሚጣበቅ ቴፕ ነበር። ቴፑ ዱቄት ወይም ቅባት ከነካው፣ ወይም አንዴ ተለጥፎ ከተነቀለ ዳግመኛ አይዝም። ጀማሪ ደግሞ ሦስቱንም ያደርጋል። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ጀርባዋ ላይ ተጋድማ አትጠብቅም፤ ትገለበጣለች። ተመልካቹ እየሳቀ የሚያየው ትርምስ የተጋነነ ቢመስልም፣ እያንዳንዱ ስህተት ምክንያት አለው፤ ለዚህም ነው ከ35 ዓመት በላይ አልፎም ያልደበዘዘው።

ኤልሳቤጥን የተጫወቱት ክርስቲናና ሚሼል ኬኔዲ የሚባሉ መንትዮች ናቸው። ሆሊውድ ለሕፃን ገጸ ባሕርይ መንታ የሚፈልገው ለመልካቸው ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ ደንብ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን በቀረጻ ቦታ ሊቆይ የሚችለው እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ካሜራ ፊት መሥራት የሚችለው 2 ሰዓት ብቻ ነው። መንታ ሲኖር ጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ትገባለች። የሻየር ብልህነት ሕፃኗን «እንድትተውን» አለማስገደዱ ላይ ነው። ካሜራው ፊቷ ላይ ረጋ ብሎ ይቆያል፣ እሷም ዝም ብላ ኪተንን ትመለከታለች። ያ ዝምታ ከየትኛውም ንግግር የበለጠ ያስቃል፤ ኪተን ስትጣደፍ የልጅቱ እርጋታ ጎልቶ ይወጣልና።

የቢሮው ክፍል የፊልሙ ጠንካራ ክፍል ነው፤ ስለዚህ በደንብ እንየው። መጀመሪያ ላይ አለቃዋ ፍሪትዝ ሸሪክ ሊያደርጋት እንዳሰበ ይነግራታል። ይህ ተራ የደመወዝ ጭማሪ አይደለም። በአማካሪ ድርጅት ሸሪክ መሆን ከድርጅቱ ትርፍ ድርሻ ማግኘት ማለት ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም ትልልቅ ደንበኞችን ማምጣትና መያዝ ነው። አለቃው ግን በዚያው ንግግር ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። እሱ ሥራውንም ቤተሰቡንም ይዞ መኖር የቻለው ቤቱን ሚስቱ ስለያዘችለት መሆኑን ያለ ምንም ኀፍረት ይናገራል፤ እሷ ግን መሥዋዕት መክፈል እንዳለባት ያሳስባታል። ጄ.ሲ. ችግር የለም ትላለች። በዚያች ሰዓት ልጅ የሚባል ነገር ስለሌላት ቃሏ እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም አያባርራትም። ማንም ክፉ ቃል አይናገራትም። መጀመሪያ ሥራው «ለጊዜው» ከባልደረባዋ ጋር እንዲካፈል ይደረጋል፤ ከዚያ ስብሰባ ላይ እሱ ይቀድማታል፤ በመጨረሻም ለምሳ የቀጠራት ትልቁ ደንበኛ፣ የምግብ ድርጅቱ፣ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ተላልፎ ለእሷ የውሻ ምግብ የሚያመርት ትንሽ ደንበኛ ይሰጣታል። ደመወዟ አልተነካም፣ መጠሪያዋም አልተቀየረም። የተወሰደባት ወደ ሸሪክነት የሚወስደው መሰላል ነው። ስፔደር ይህን የሚጫወተው በታላቅ ጥንቃቄ ነው፤ ፈገግ እያለ፣ «ላግዝሽ» እያለ፣ በለሰለሰ አንደበት። ጥርሱን የሚያሳይ ተንኮለኛ ቢሆን ኖሮ ትዕይንቱ ይበላሽ ነበር።

የሕጉን ሁኔታ የሚያውቅ ተመልካች ደግሞ የበለጠ ያዝናል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ሠራተኛን ማግለልን ይከለክላል። ጄ.ሲ. ግን አላረገዘችም፣ አልወለደችም፤ ልጅ በውርስ ነው የመጣችላት። የፌዴራሉ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ የተፈረመው ፊልሙ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1993 ነው። እሱም ቢሆን የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ በጉዲፈቻ ወይም በአደራ ልጅ ለሚቀበልም ይሠራል፤ ይሁንና 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ላሉት አሠሪ፣ ቢያንስ 12 ወር ለሠራና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት ለሞላ ሠራተኛ ነው። በቀን 16 ሰዓት የምትሠራዋ ጄ.ሲ. 1,250ውን ሰዓት ገና በ79 የሥራ ቀን ትሞላው ነበር። በ1987 ግን ያ ሕግ አልነበረም፤ ፊልሙ ውስጥ ማንም ፈቃድ ጠይቂ የማይላት ለዚህ ነው።

ደካማው ቦታ የሞግዚቶቹ ቃለ መጠይቅ ነው። አንዷ ትገባለች፣ እንግዳ ነገር ትናገራለች፣ ትወጣለች፤ ሌላዋ ትተካለች። እያንዳንዷ የተሠራችው ለአንድ ሳቅ ብቻ ነው፣ የሰው አነጋገርና የመጣበትን አገር ለመሳቂያ ማዋሉም አያምርም። ይበልጥ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ትልቅ ጥያቄ መታለፉ ነው፦ ሌላ ሴት ካልያዘችላት በስተቀር እናቲቱ ቢሮ መግባት አትችልም። የወዳጇ የስቲቨን ነገርም በችኮላ ያልፋል። ልጅ እንደማይፈልግ ተናግሮ በጨዋነት ይሰናበታል፤ ሬሚስ ተወዳጅ ተዋናይ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ተጨምሮለት ቢሆን ጥሩ ነበር። ልጅቱን ለጉዲፈቻ ልትሰጥ ሄዳ ሐሳቧን የምትቀይርበት ትዕይንት ግን አጭርና ያማረ ነው።

ከፊልሙ እኩሌታ ገደማ በኋላ ጄ.ሲ. ሥራዋን ለቃ፣ በዓይኗ ያላየችውን ቤት በቨርሞንት ግዛት ትገዛለች። ቦታው 62 ኤከር ነው፣ ወደ 25 ሄክታር ማለት ነው፤ የፖም ዛፎችም አሉበት። ሃድሊቪል የምትባለው ከተማ የፈጠራ ስትሆን፣ የተቀረጸው ፔሩ በምትባል የቨርሞንት መንደር ነው። የመጸው ቅጠሎች ቀለምና በረዶው በዊልያም ፍሬከር ካሜራ ዓይን ይስባል። የቢል ኮንቲ ሙዚቃ ግን መቼ ማዘን እንዳለብን፣ መቼ መሳቅ እንዳለብን አስቀድሞ ስለሚነግረን አልወደድንለትም።

የቤቱ ብልሽት የሚመጣው በተራ ነው፤ ጣሪያው፣ ማሞቂያው፣ ቧንቧው፣ በመጨረሻ ውሃው። የቧንቧ ሠራተኛው ጉድጓዱ ደርቋል ሲላት በውሃ ጎማ እንሙላው ብላ ታስባለች። የከተማ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ጉድጓድን እንደ ታንከር ነው የሚያየው። ጉድጓድ ግን ማጠራቀሚያ አይደለም። ውሃው ከዙሪያው ካለው አፈርና ድንጋይ እየመነጨ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከጉድጓዱ ወለል በታች ሲወርድ ከላይ የሚፈስበት ውሃ በዚያው አፈር ሰርጎ ይሄዳል። መፍትሔው በጥልቀት መቆፈር ወይም ሌላ ቦታ መቆፈር ነው፤ ሁለቱም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ይህን ስትሰማ ኪተን መጀመሪያ ትጮሃለች፣ ከዚያ ትዘረዝራለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ስትነቃ ከዶክተር ኩፐር ፊት ተኝታለች፤ የልቧን ሁሉ ከዘረገፈችለት በኋላ የእንስሳት ሐኪም መሆኑን ታውቃለች። ሼፐርድ በዚህ ትዕይንት የሚያደርገው ማዳመጥ ብቻ ነው፤ ይበቃዋል።

ከዚያ ፖሙ ይመጣል። ለኤልሳቤጥ ብላ የሠራችው ተቀቅሎ የተፈጨ ፖም በብልቃጥ ታሽጎ፣ በመንደሩ ሱቅ ተሸጦ፣ «ካንትሪ ቤቢ» የሚባል የንግድ ምልክት ይሆናል። ፊልሙ ይህን በሙዚቃ እያጀበ በፍጥነት ያሳልፈዋል፤ ምን እንደዘለለ ግን ማወቅ ጥሩ ነው። ለ1 ሊትር ገደማ የፖም ሶስ ወደ 1.4 ኪሎ ፖም ያስፈልጋል። ፖሙ ይላጣል፣ ይቆራረጣል፣ በጥቂት ውሃ እስኪለሰልስ ይበስላል፣ ይፈጫል፣ ትኩስ እንዳለ በታጠበ ብልቃጥ ይሞላል። ከአፉ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ባዶ ይተዋል፤ ጢም ብሎ ከሞላ ሲፈላ ሞልቶ ይፈስና ክዳኑ አይገጥምም። ከዚያ ብልቃጡ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ግማሽ ሊትር የሚይዘው 15 ደቂቃ፣ 1 ሊትር የሚይዘው 20 ደቂቃ። ቦታው ከባሕር ወለል ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ካለ ደቂቃው ይጨመራል። የሚፈላ ውሃ የሚበቃው ፖም ኮምጣጣ ስለሆነ ነው፤ የኮምጣጣነት መለኪያው (ፒኤች፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበልጣል) ከ4.6 በታች ነው፤ ገዳዩ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ እዚያ አያድግም። በዚህ መንገድ ዱባ ወይም አተር ፈጭቶ ለሕፃን ማሸግ ግን አደገኛ ነው። ጸሐፊዎቹ አስበውበትም ይሁን ሳያስቡበት፣ በወጥ ቤት ምድጃ ላይ ንግድ ለመጀመር ከሁሉም የሚያመቸውን ፍሬ መርጠዋል። የዘለሉት ፈቃዱን፣ የምግብ ቁጥጥሩን፣ የብልቃጡን አቅራቢና ከሁሉም በላይ ድስቱን የምታማስለው እናት ልጇን ማን እንደያዘላት ነው።

አንድ ነገር ግን ያስደስተናል። ጄ.ሲ. የምትሳካላት በዕድል ብቻ አይደለም። ከኒው ዮርክ የመጡ ሀብታም ወላጆች ብልቃጡን ሲያነሱ ስታይ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ገበያውን ታጠናለች፤ በቢሮ ያካበተችው ዕውቀት ነው የሚያወጣት። ሙያዋን ጥላ አልሄደችም፤ ይዛው ነው የሄደችው።

መጨረሻውን ማወቅ የማይፈልግ ይህን አንቀጽ ይዝለል። ለቃው የወጣችው ድርጅትና ያጣችው ደንበኛ ንግዷን በ3 ሚሊዮን ዶላር ሊገዙ ይጠሯታል። ከስብሰባው ወጥታ በደስታ ትቦርቃለች፤ ተመልሳ ስትገባ ግን አልሸጥም ትላለች። ኪተን ይህን ንግግር የምትናገረው እያሰበች፣ እየተደናቀፈች ነው፤ የተጠና ስብከት አይመስልም። ጋዜጠኛዋ ሱዛን ፋሉዲ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ ፊልሙን ሴቶችን ከሥራ ወደ ቤት ከሚመልሱት የዚያ ዘመን ሥራዎች ጋር ቆጥራዋለች። በከፊል ልክ ናት፤ ቢሮው አልተለወጠም፣ የወጣችው ሴቲቱ ናት፣ መውጫ ያገኘችውም ቤት የሚገዛ ገንዘብ ስለነበራት ነው። እኛ ግን እምቢታዋን እንደ ሽሽት አላየነውም። የራሷን ሰዓት የምትቆጣጠር የድርጅት ባለቤት ሆና ነው የምትመለሰው፤ ያቺን ሰዓት ሊወስድባት የመጣውን ገንዘብ ነው የመለሰችው።

ለማየት ላሰበ ሰው፦ ፊልሙ በአሜሪካ ደረጃ ፒጂ ነው፣ ልጆች በወላጅ ምክር የሚያዩት ማለት ነው፤ ከልጆች ጋር ሲታይ መጀመሪያ አካባቢ በጥንዶቹ መኝታ ቤት ያለችው አጭር ቀልድና ከሐኪሙ ጋር ያለው ንግግር ብቻ ማስታወስ ይበቃል። ኪተን ፈጥና ስለምትናገር ሰብታይትል ይዞ ማየት ይሻላል። በ1988 በኬት ጃክሰን ዋና ተዋናይነት የተጀመረውን የቴሌቪዥን ተከታታይ ለመፈለግ አይድከሙ፤ መታየት ያለበት ይኸው ፊልም ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ያለው ሰው በአንድ ቁጭታ ላይጨርሰው ይችላል። ለማቋረጥ የሚመቸው ቦታ ከማንሃተን ወጥታ ወደ ቨርሞንት ስትጓዝ ነው፤ ልጁ ሲተኛ ከዚያ ቢቀጥሉ የሚጠፋ ክር የለም።